ሁለት ግራፊክስ ካርድ ወይስ አንድ ጠንካራ? አዳማ ላይ ለጌም ካርድ ለምትገዙ ዝርዝር መመሪያ

ጌም ሲከብደው ብዙ ሰው የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው። "ያለኝን ካርድ የሚመስል ያገለገለ ካርድ ልጨምርበት፤ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል" ይላል። ካርዱን ይገዛል፣ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩም ይነሳል። ጌሙ ግን ያው ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ይብሳል። ብሩ ወጥቷል፣ ሻጩም መልሶ አይወስድም።

መልሱን ከላይ ላስቀምጠው። ዛሬ ለጌም የሚገዛ ሰው አንድ ጠንካራ ካርድ ይግዛ። ሁለት ካርድ የሚያዋጣበት ሁኔታ አለ፣ ግን በጣም ጠባብ ነው። ደረጃ 2 ላይ ራሳችሁን ትፈትሻላችሁ።

አንድ ካርድ የመረጡትም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። ካርዱን ከገዙ በኋላ ነው ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን) የሚያዩት። ኬዙን የሚለኩት ካርዱ አልገባ ሲል ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራ ሂዱ፤ ደረጃ አትዝለሉ።

## ቀድማችሁ አዘጋጁ

ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ለስላሳ ብሩሽ እና ቮልቴጅ የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋችኋል። ቴስተር ከሌላችሁ ከኤሌክትሪሻን ተዋሱ።

አንድ ፍላሽም ያዙ። ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ)፣ አፍተርበርነር (ካርዱን የሚለካና የሚቆጣጠር)፣ ፈርማርክ (ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትን) እና ዲዲዩ (የድሮ ድራይቨር የሚያጸዳ) የሚባሉትን አራት ፕሮግራሞች ጫኑበት። አራቱም ነጻ ናቸው። ልትገዙት ያሰባችሁትን ካርድ ድራይቨርም (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ እዚያው አስቀምጡ። ፋይሉ ከግማሽ ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ሰዓት አውርዱት።

## ደረጃ 1፦ ችግሩ ካርዱ መሆኑን አረጋግጡ

1. የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ከኬዙ ጀርባ ሁለት ቦታ የስክሪን መሰኪያ ይኖራል። አንዱ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ። ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ካርዳችሁ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ወደ ካርዱ አዛውሩትና ጌሙን እንደገና ሞክሩ። ለአንዳንዱ ሰው መመሪያው እዚህ ያልቃል።

2. ራሙን ቁጠሩ። አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ብቻ ከተሰካ፣ ሁለተኛ ተመሳሳይ ራም መጨመር ከካርድ በብዙ የረከሰ መፍትሔ ነው። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠራ ፍጥነቱም ይጨምራል።

3. በጌም ውስጥ ለኩ። አፍተርበርነርን ክፈቱ። የካርዱ አጠቃቀም በፐርሰንት፣ ሙቀቱ እና የፍሬም ብዛቱ (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ስክሪን ላይ እንዲታይ አድርጉ። ጌሙ ውስጥ ቪሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን) እና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ ዝጉ። ካልዘጋችሁት ልኬቱ ያሳስታችኋል። ከዚያ ሁልጊዜ የሚከብደው ቦታ ላይ ለ10 ደቂቃ ተጫወቱ።

አጠቃቀሙ ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ካርዱ አቅሙን ጨርሷል። 50 ወይም 60 በመቶ ላይ እየዋለለ ጌሙ ላግ የሚያደርግ ከሆነ ግን ወደኋላ የሚጎትታችሁ ፕሮሰሰሩ ነው።

4. በሌላ መንገድ አረጋግጡ። ሪዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርዱ። ፍሬሙ ብዙ ከጨመረ ችግሩ የካርዱ ነው። ንቅንቅ ካላለ የፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርድ አትግዙ። ሁለት ካርድ እንደዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ መጨመር ጉዳት አለው። ሁለቱን የማስተባበሩ ሥራም ያው የደከመው ፕሮሰሰር ላይ ይጫናል።

5. ሙቀቱን እዩ። ካርዱ 83 ዲግሪና ከዚያ በላይ እየደረሰ ፍጥነቱን የሚቀንስ ከሆነ መጀመሪያ አጽዱት፣ ቺፑና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን ፔስት ቀይሩለት፣ ከዚያ ድጋሚ ለኩ። የአዳማ ነፋስ ለተርባይኖቹ የተመቸውን ያህል ለኮምፒውተር አይመችም። መስኮት ሥር የሚቀመጥ ኬዝ በጥቂት ወራት ውስጥ የካርዱ ብረት ክንፎች መሃል አፈር ይሞላበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ በብሎወር ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት። በነፋስ ኃይል ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

## ደረጃ 2፦ ሁለት ካርድ ለእናንተ ይሆናል?

መጀመሪያ አሠራሩን ተረዱት። ሁለት ካርዶች ጌም ላይ ሲጣመሩ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬም ይፈራረቃሉ። አንዱ አንዱን ፍሬም ሲሠራ ሌላው ቀጣዩን ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱም የጌሙን ምስል በሙሉ በየራሳቸው ሚሞሪ መያዝ አለባቸው። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ካርድ 8 ጊጋ አይሆንም። ጌሙ የሚያየው 4 ጊጋ ብቻ ነው። ጌሙ 6 ጊጋ ከፈለገ ሁለት ካርድ ቢኖራችሁም ይንገዳገዳል።

ሌላም ችግር አለ። የዛሬ ጌሞች አንዱን ፍሬም ለመሥራት ካለፈው ፍሬም መረጃ ይወስዳሉ። ያለፈው ፍሬም ደግሞ ሌላኛው ካርድ ላይ ነው። እስኪመጣ ይጠበቃል። ቆጣሪው 60 ፍሬም እያለ ዓይናችሁ መንቀጥቀጥ የሚያየው ፍሬሞቹ እኩል በሆነ ርቀት ስለማይደርሱ ነው።

አሁን የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ። አንዱ ላይ እንኳ "አይ" ካላችሁ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ካርዱ መጣመር ይችላል? ካርዶቹን በዋናነት የሚሠሩት ኤንቪዲያ እና ኤኤምዲ ናቸው። የኤንቪዲያው ማጣመሪያ ኤስኤልአይ ይባላል። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ 1050፣ 1050 ቲአይ፣ 1060፣ 1650፣ 1660፣ አርቲኤክስ 2060 እና 3060 አይጣመሩም። እኛ ሰፈር በብዛት የሚገኙትም እነዚሁ ናቸው። ሁለት 1060 የገዛ ሰው አንዱን በከንቱ ነው የገዛው። የሚጣመሩት እንደ 960፣ 970፣ 980፣ 1070 እና 1080 ያሉት ናቸው። ከ3000ዎቹ 3090 እና 3090 ቲአይ ብቻ ማገናኛ አላቸው። 4000ዎቹ ላይ ጭራሽ የለም።

የኤኤምዲው ክሮስፋየር ይባላል። አርኤክስ 570 እና 580 ያለ ብሪጅ (ሁለቱን ካርዶች የሚያያይዝ ማገናኛ) ይጣመራሉ፤ አንዱ 570 ሌላው 580 ቢሆንም ይሠራል። ከአርኤክስ 5000ዎቹ ወዲህ ግን የድሮው ክሮስፋየር ቀርቷል።

ማዘርቦርዱ ይፈቅዳል? ሁለት ረጅም ስሎት ማየት አይበቃም። ለኤስኤልአይ ሁለቱም ስሎቶች (ካርድ የሚሰካባቸው ቦታዎች) ቢያንስ 8 የመረጃ መስመር ማግኘት አለባቸው፣ ቦርዱም ለኤስኤልአይ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። በርካሽ ቦርዶች ሁለተኛው ረጅም ስሎት ውስጡ 4 መስመር ብቻ ነው ያለው። የቦርዱን ሞዴል ቁጥር አንብባችሁ የአምራቹን ማኑዋል እዩ።

የምትጫወቱት ጌም ይደግፈዋል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ኤንቪዲያ ከጥር 2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ለድሮ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (ለየጌሙ የሚዘጋጅ የማጣመሪያ ቅንብር) ማውጣት አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በወጡት ጌሞች ማጣመሩ የሚሠራው የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው ካስገቡት ብቻ ነው። አብዛኞቹ አላስገቡም። ጂቲኤ 5 ከሚደግፉት አንዱ ነው። የምትጫወቱት እሱን ብቻ ከሆነ "አዎ" ልትሉ ትችላላችሁ።

ፓወር ሰፕላዩ ሁለቱን ይሸከማል? ሁለት አርኤክስ 580 ብቻቸውን 370 ዋት አካባቢ ይፈልጋሉ። ፕሮሰሰሩ ገና አልተቆጠረም። አንድ አርኤክስ 6600 ግን 132 ዋት ነው የሚወስደው።

ኬዙ ይተነፍሳል? ካርዶቹ ተጠጋግተው ሲቀመጡ የላይኛው የታችኛውን ትኩስ አየር ይስባል። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ባህር ዳርቻ ካለ ከተማ ያንሳል። በመጋቢትና ሚያዝያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት ካርድ ማስነሳት ማሽኑን መፍጀት ነው።

አምስቱንም "አዎ" ብላችሁ ሁለተኛው ካርድ በእጃችሁ ካለ ወይም እጅግ በርካሽ ከመጣ ሞክሩት። ያም ሆኖ አዲስ ብር አውጥታችሁ እንድትገዙ አልመክርም።

### ሁለት ካርድ ለሌላ ሥራ

የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሳይክልስ በተባለው የብሌንደር ምስል ማውጫ ላይ ሁለት ካርድ ያለ ብሪጅ ይሠራል፤ የመጨረሻውን ምስል የማውጣቱን ጊዜም በደንብ ያሳጥረዋል። ሎስለስ ስኬሊንግ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ አንዱ ካርድ ጌሙን ሲያሠራ ሌላው ተጨማሪ ፍሬም እንዲፈጥር ያደርጋል። እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል፣ ግን ማውስ ስትነኩ የሚሰማው መዘግየት ይጨምራል። ለተኩስ ጌም አይሆንም።

## ደረጃ 3፦ ማሽኑ የሚሸከመውን ካርድ እወቁ

ስፒናውን ንቀሉ። የኬዙን ጎን ክፈቱ።

1. የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት አንብቡ። ትልቁን ቁጥር እርሱት። "500 ዋት" ተብሎ ተጽፎ 12 ቮልት የሚለው መስመር ላይ 20 አምፒር ብቻ የሚል አለ። 12ን በ20 አባዙት፤ 240 ዋት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት በዋናነት ከዚህ መስመር ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት የ12 ቮልት መስመር ካለ ዝም ብላችሁ አትደምሩ፤ የጋራ ከፍተኛው ተብሎ የተጻፈውን ዋት ተጠቀሙ።

2. የኃይል ገመዶችን ቁጠሩ። ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። ለካርድ የሚሆን ገመድ ጭራሽ ከሌለ ያለ ገመድ የሚሠሩትን ፈልጉ። አብዛኞቹ 1050 ቲአይ እና ብዙዎቹ 1650 እንደዚያ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ወደ ካርድ የሚቀይር አዳፕተር አትጠቀሙ። የሳታው ራስ በ12 ቮልት መስመር 54 ዋት ነው የሚችለው። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

3. ቦታውን ለኩ። ከኬዙ ጀርባ ብረት እስከ ፊቱ ድረስ ርዝመቱን፣ ከዚያ ካርዱ የሚይዘውን ውፍረት ለኩ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከቢሮ የወጡ ዴል እና ኤችፒ ዴስክቶፖች የያዛችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ቀጭኖቹ ኬዞች ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይም ለማዘርቦርዱ የተለየ መሰኪያ ስላለው ከገበያ በተገዛ አይተካም፤ አዳፕተር ይፈልጋል።

4. የቦርዱን ዕድሜ አስቡ። አሮጌ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ብቻ ያለው ኮምፒውተር አዲስ ካርድ ሲሰካለት ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። መጀመሪያ ባዮሱ ማዘመኛ እንዳለው አጣሩ። የኢንቴል አርክ ካርዶችን ደግሞ ከ10ኛ ትውልድ በታች በሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ አትሞክሩ። ሪሳይዘብል ባር የሚባል ነገር ካላገኙ ጉልበታቸው በጣም ይወርዳል።

## ደረጃ 4፦ የቤታችሁን መብራት ፈትሹ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካርድ የሚቃጠለው ግን እዚህ ነው።

ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ አድርጉና ቮልቴጁን ለኩ። መጀመሪያ በጸጥታ ሰዓት፣ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ እንጀራ ሲጋገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። በጋራ ቆጣሪ በሚኖር ግቢ ሁለት ምጣድ ባንዴ ከተሰካ 220 የነበረው ቁጥር ወደ 180 ሲወርድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

የፓወር ሰፕላዩ ወረቀት ላይ "ከ100 እስከ 240 ቮልት" ከተባለ ይህን ይችለዋል። "ከ200 እስከ 240" የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩ በጌም መሃል ድንገት ይጠፋል፤ እናንተም ካርዱን ትወቅሳላችሁ። ጀርባው ላይ ቀይ የቮልቴጅ መምረጫ ካለው 230 ላይ ይሁን፤ አትንኩት።

ኬዙ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግራውንድ የለም ማለት ነው። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን ጥሩና ግራውንድ ያሥሩላችሁ። ኮምፒውተሩንም ፍሪጅ ወይም ካውያ ከተሰካበት ዲቫይደር ለዩት።

መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና አምፖሉ መብለጭለጭ ሲያቆም ሰኩ።

ዩፒኤስ ካላችሁ የሚችለውን ዋት እዩ። 650 ቪኤ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ነው። ሥራው ሴቭ አድርጋችሁ እንድትዘጉ ጊዜ መስጠት ነው። ጌሙን ማስጨረስ አይደለም።

## ደረጃ 5፦ ካርዱን ምረጡ

ስክሪናችሁ 1920 በ1080 እና 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ከሆነ 200 ፍሬም የሚሰጥ ካርድ ላይ ብር አታፍስሱ። ስክሪኑ ያን አያሳየውም።

ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ለሆነና የካርድ ገመድ ለሌለው ማሽን ያለ ገመድ የሚሠራው ጂቲኤክስ 1650 ይበቃል። ቫሎራንት እና የኳስ ጌሞችን በሚገባ ያጫውታል።

የተሻለ ፓወር ሰፕላይ ካለ ምርጫዬ አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋ ሚሞሪ አለው፤ ኤኤምዲ የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 450 ዋት ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ደግሞ ቪዲዮ ማቀናበርና ብሌንደር ለሚነካካ ይሻላል። 170 ዋት ይወስዳል፣ ኤንቪዲያም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል።

አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ተጠንቀቁት። አዲስ ስለሆነና ስሙ ስለሚያምር ይሸጣል። ግን 4 የመረጃ መስመር ብቻ ነው የሚጠቀመው። የካርድ ስሎታቸው የቆየው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 በሆነ ማሽኖች ላይ፣ ማለትም አብዛኞቻችን ጋ ባሉት፣ ጉልበቱ በጣም ይወርዳል።

ጂቲኤክስ 970ም ሆነ 1070 ስትገዙ ይህን እወቁ፦ ኤንቪዲያ ለ900ዎቹና ለ1000ዎቹ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት ጥቅምት 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቁሟል። ያሉት ጌሞች መሥራታቸውን አያቆሙም። ዋጋ ስትደራደሩ ግን ይህን አንሱት።

## ደረጃ 6፦ ያገለገለ ካርድ ስትገዙ መርምሩ

አዳማ ላይ የምትፈልጉትን ካጣችሁ አዲስ አበባ መሄድ አይቀርም። በስልክ ተስማምታችሁ ቀድማችሁ ብር አትላኩ። ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ክፈሉ። "ማስሞከሪያ ማሽን የለኝም" ካለ አመስግናችሁ ተለያዩ።

ሳይሰካ። ካርዱን ብርሃን ወዳለበት አውጡት። መጀመሪያ መሰኪያዎቹን እዩ። የስክሪን መሰኪያ የሌለው "1060 ነው" የሚባል ካርድ ፒ106 የተባለው የማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ማውጫ) ካርድ ነው፤ አትግዙት።

ቀጥሎ አገላብጡትና ጀርባውን እዩ። ቺፑን የያዙት አራት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተፋፍቆ ከሆነ ተከፍቷል። መከፈቱ ብቻውን ነውር የለውም፤ ፔስት ለመቀየርም ይከፈታል። ግን ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። ከሚሞሪዎቹ አካባቢ ቅባት የመሰለ እርጥበት ከፈሰሰ ካርዱ ለረጅም ጊዜ በሙቀት ሠርቷል። ስሎት የሚገባውን የወርቅማ ጥርስ አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ የጠቆረ ወይም የተላጠ ካለ ተዉት። ፋኖቹን በጣት አሽከርክሩ። የሚያቃስት ፋን ይቀየራል፣ ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ። በመጨረሻ አሽትቱት። የተቃጠለ ነገር ሽታ በብሩሽ አይጠፋም።

ከተሰካ በኋላ። ጂፒዩ-ዚን ከፍላሻችሁ ክፈቱ። የሼደሩን ቁጥር (የካርዱን ትንንሽ ማስሊያዎች ብዛት) ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

- ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 768
- ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ 1280
- አርኤክስ 580 እውነተኛው 2304
- አርኤክስ 6600 1792
- አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ 3584

580 ተብሎ 2048 ካሳየ ጉልበቱ የ570 ነው፤ በ570 ዋጋ ተደራደሩ። 1050 ቲአይ ተብሎ 192 ካሳየ በአሮጌ ካርድ ላይ ስም የተቀየረ ሐሰተኛ ነው። ጂፒዩ-ዚ ራሱ እንዲህ ዓይነቱን የኤንቪዲያ ካርድ ሐሰተኛ መሆኑን ስሙ ላይ ይጽፍበታል።

ከዚያ ፈርማርክን ለ15 ደቂቃ አስነሱ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይርጋ። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጥብ ወይም መስመር ከታየ ሚሞሪው ተጎድቷል። "ድራይቨር ነው" ብትባሉ አትስሙ።

ወደ አዳማ ስትመለሱ ካርዱን በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫንም።

## ደረጃ 7፦ ግጠሙት

1. የድሮው ካርድ ገና እንደተሰካ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) አስነሱና በዲዲዩ የድሮውን ድራይቨር አጽዱ። ዲዲዩ ላይ አጽድቶ እንዲዘጋ የሚለውን ምረጡ።
2. ስፒናውን ንቀሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል።
3. የኬዙን ብረት ንኩ። ከዚያ በኋላ ካርዱን በጠርዙ ያዙ።
4. የድሮውን ካርድ ብሎን ፍቱ፣ ስሎቱ ጫፍ ላይ ያለችውን መያዣ ተጫኑ፣ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ካልወጣ አትጎትቱ። መያዣዋ አልተለቀቀችም።
5. አዲሱን ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለው የመጀመሪያ ረጅም ስሎት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ብሎኑን እሰሩ።
6. የኃይል ገመዱን እስከ መጨረሻው አስገቡ። መያዣ ጥርሱ መንከሱን በጣት ዳሱ።
7. ስክሪኑን ካርዱ ላይ ሰኩ። አስነሱ። ድራይቨሩን ከፍላሹ ጫኑ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ከዚያ ብቻ ኢንተርኔቱን መልሱ።

## ደረጃ 8፦ በሙቀት ሰዓት ፈትኑት

ማታ ላይ ብቻ ፈትናችሁ አትርኩ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲግል ለአንድ ሰዓት ተጫወቱ። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በታች ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከወጣ አፍተርበርነር ላይ የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ አውርዱ። የሚቀንሰው ፍሬም ጥቂት ነው፣ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ጌሙንም በ60 ፍሬም ገድቡት። ኬዙን ከወለል ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳውም አራቁት።

## እምቢ ሲል

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ገመዱ ካርዱ ላይ መሆኑን እዩ። ካርዱን አውጥታችሁ መልሱ። ካልሆነ በማዘርቦርዱ መሰኪያ አስነሱና ባዮሱን አዘምኑ። ባዮስ ስታዘምኑ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ያለ ዩፒኤስ አትንኩት።

ጌም ሲከብድ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ይጠፋል። መጀመሪያ የኃይል ገደቡን ወደ 70 በመቶ አውርዱና ሞክሩ። መጥፋቱ ከቀረ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ወይም የቤቱ ቮልቴጅ ነው። ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ትታችሁ በጌም መሃል ቁጥሩን ተከታተሉ። ቮልቴጁ ሳይወርድ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩ። ከወረደ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

ሁለት ካርድ ሰክታችሁ ሁለተኛው ሥራ ፈት ነው። ማጣመሩ በድራይቨሩ ቅንብር ውስጥ መብራቱን እዩ። ጌሙን ሙሉ ስክሪን ላይ አድርጉ፤ በመስኮት ሞድ ክሮስፋየር አይሠራም። አሁንም ካልሠራ ጌሙ አይደግፈውም። ሁለተኛውን ካርድ አውጡና እየሠራ ሳለ ሽጡት። ተሰክቶ በቆየ ቁጥር መብራት ይበላል፣ የላይኛውን ካርድም ያግለዋል።

ፍሬሙ ብዙ ነው፣ ጌሙ ግን ይንቀጠቀጣል። ሁለት ካርድ ከሆነ ማጣመሩን አጥፉና በአንዱ ብቻ አነጻጽሩ። አንድ ካርድ ከሆነ የሚሞሪ አጠቃቀሙን እዩ። ጫፍ ደርሶ ከሆነ የቴክስቸር ጥራቱን አንድ ደረጃ አውርዱ።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ማውሱን ተዉት፣ ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ። ሲቀዘቅዝ የካርዱን የኃይል ገመድ አውጡና ፒኖቹን በስልክ መብራት እዩ። አንዱ እንኳ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ያንን ገመድ ዳግም አትሰኩ። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩ። የካርዱ ራስ ላይ ያለው መሰኪያም ከቀለጠ ሶልደር የሚችል ቴክኒሻን ሳይቀይረው ካርዱን አታስነሱ።